ድንጋይ በተነጠፈበት ከተማ እግሩ የደከመ መንገደኛ

ሀገርን ዞሮ ማየት ዕውቀትን የሚያሰፋ መሆኑን የማያምን ሰው የለም። ነገር ግን የጥንት ከተሞች የተሠሩት ጤና ላለው እግርና ለበቅሎ ኮቴ ስለ ሆነ፥ በዕድሜ ብዛት ወይም በሕመም ምክንያት እግሩ የደከመ ሰው ወደ እነዚህ ከተሞች ሲደርስ፥ ደጃቸው ተከፍቶለት ሳለ መንገዳቸው ይዘጋበታል። ለዚህም በሜክሲኮ አገር ያለችው ሳን ሚጌል ደ አዬንዴ የምትባለው ከተማ ምሳሌ ትሆናለች።

ይህች ከተማ በጓናኋቶ ክፍለ ሀገር፥ ከባሕር ጠለል በላይ 1,900 ሜትር ያህል ከፍ ባለ ደጋ ላይ ትገኛለች። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ1542 (ከዚህ በታች ያሉትም ዓመታት እንዲሁ ናቸው) ከፍራንሲስካን ማኅበር መነኰሳት አንዱ የነበሩት አባ ሁዋን ደ ሳን ሚጌል ቈረቈሯት፤ ስሟንም በመልአኩ በቅዱስ ሚካኤል ሰየሟት። ኋላም ከሰሜን የማዕድን ቦታዎች ብር የሚጓዝበትን መንገድ የምትጠብቅ ምሽግ ሆነች፤ በ18ኛውም መቶ ዓመት እጅግ በለጸገች። ከሜክሲኮ ነጻነት ጀማሪዎች አንዱ የሆነው ኢግናሲዮ አዬንዴ በ1769 የተወለደው በዚህችው ከተማ ነውና፥ በ1826 በእርሱ ስም ተጠራች። በ2008ም ዩኔስኮ ከተማዋን፥ 14 ኪሎ ሜትር ያህል ከሚርቀው ከአቶቶኒልኮ ቤተ ክርስቲያን ጋራ፥ በዓለም ቅርስነት መዘገባት።

የከተማዋ መንገዶች በድቡልቡል ድንጋይ የተነጠፉ ናቸው። ድንጋዩ በዳገቱ ላይ የዝናብ ጎርፍ አፈሩን እንዳይጠርገው ይከላከላል፤ ስለዚህ የጥንቱ ሰው ሥራ ጥበብ ያለበት ነው። ዳሩ ግን ለበቅሎ የተመቸው ድንጋይ ምርኩዝ ለያዘ ሰው ዕንቅፋት ነው። የምርኩዙ ጫፍ በድንጋይና በድንጋይ መካከል ይሰነቀራል፤ የተሽከርካሪ ወንበርም የፊት ጎማዎቹ ትንንሾች ስለ ሆኑ በየስንጥቁ ይያዛሉ፤ ወንበሩም ሲንገጫገጭ የተቀመጠውን ሰው ወገቡን ያሳምመዋል። በግራና በቀኝ ያለው የእግረኛ መንገድ ደግሞ ጠባብና ከፍ ያለ ነው፤ ሁለት ሰዎች ሲገናኙ ብዙ ጊዜ አንዱ ወደ መኪናው መንገድ መውረድ ይኖርበታል። ይህን ጤነኛው በአንድ እርምጃ ሲያደርገው፥ እግሩ የደከመው ግን ረዳት ይፈልጋል። በክረምትም ጊዜ ድንጋዩ ሲረጥብ ያዳልጣልና አደጋው ይበረታል።

ይህም ሁሉ ሆኖ ጉዞው የማይቻል አይደለም፤ ቀስ በቀስ እንቍላል በእግሩ ይሄዳል እንደ ተባለ፥ ትዕግሥትና ብልሃት ያስፈልገዋል እንጂ። መንገደኛው አስቀድሞ ማደሪያውን ኤል ሃርዲን በሚባለው በመካከለኛው አደባባይ አጠገብ ቢይዝ መልካም ነው። ክፍሉ ደረጃ የማያስወጣ መሆኑንና የመታጠቢያው በር ለወንበሩ መስፋቱንም ከመነሣቱ በፊት ጠይቆ ያረጋግጥ። ሰፋፊ ጎማ ያለው ወንበር ከቀጭኑ ይሻላል። ዳገቱንም በታክሲ ወጥቶ፥ ከፍ ካለው መመልከቻ ላይ ከተማዋን በሙሉ ለማየት ይችላል።

አደባባዩ ራሱ ከሌላው ስፍራ ይልቅ ደልዳላ ነው፤ ጥላ የሚሰጡ ዛፎችና የብረት አግዳሚ ወንበሮች አሉበት። በዚያ የተቀመጠ ሰው ሮዝ መልክ ባለው ድንጋይ የተሠራውን የቅዱስ ሚካኤልን ቤተ ክርስቲያን በፊቱ ያያል። የዚህን ቤተ ክርስቲያን የፊት ገጽ በ19ኛው መቶ ዓመት መጨረሻ ሴፌሪኖ ጉቲዬሬስ የተባለ የአገሩ ተወላጅ ግንበኛ፥ የአውሮፓን አብያተ ክርስቲያናት ሥዕል ተመልክቶ እንደ ሠራው ይነገራል። ከተማን እየሮጠ የሚያይ ሰው የማያስተውለውን ነገር፥ ባንድ ስፍራ ተቀምጦ የሚመለከት ሰው ያስተውለዋል።

ነገር ግን የመንገደኛው ብልሃት የሹማምንትን ሥራ አይተካውም። በእንደዚህ ያለ ከተማ አንዱ ወገን ድንጋዩ ቅርስ ነውና አይነካ ሲል፥ ሌላው ደግሞ ሰው ካልደረሰበት ቅርሱ ለማን ይጠቅማል ይላል። ሁለቱም እውነት አላቸው። መፍትሔውም ድንጋዩን ነቅሎ አስፋልት ማፍሰስ አይደለም፤ በዋና ዋናዎቹ መሻገሪያዎች ላይ ጠፍጣፋ ድንጋይ በመስመር ማንጠፍ፥ በየማዕዘኑም የእግረኛውን መንገድ ጠርዝ በተዳፋት ዝቅ ማድረግ ነው።

በዚህም ነገር ሜክሲኮ ለዓለም ቀድማ ተናግራለች። በ2001 ፕሬዚዳንት ቪሴንቴ ፎክስ የአካል ጉዳተኞችን መብት የሚጠብቅ ውል እንዲዘጋጅ ለተባበሩት መንግሥታት ጠቅላላ ጉባኤ አሳሰቡ። ውሉም በ2006 ጸደቀ፤ ሜክሲኮ በ2007፥ ኢትዮጵያም በ2010 ተቀበሉት። 9ኛው አንቀጽ መንገድና ሕንፃ ለሁሉ እንዲመች ያዛል፤ 30ኛው ደግሞ የባህል ቦታዎችን፥ በተቻለም መጠን የታሪክ ቅርሶችን ደርሶ ማየትን መብት ያደርገዋል።

ዛሬ በሁለት እግሩ ጸንቶ የሚሄድ ሹም ሁሉ፥ ዕድሜ ከሰጠው፥ ነገ ምርኩዝ ይይዛል። ስለዚህ ለደካማ ተብሎ የሚስተካከል መንገድ እንደ ምጽዋት የሚቈጠር አይደለም፤ የሠራውም ሰው አንድ ቀን የሚሄድበት ነው።