ሰፈሩ ሲነሣ ዘፈኑ የት ይገባል?

አዲስ አበባ ሰፈር ባነሣች ቁጥር ብዙ ነገር ይቆጠራል። ስንት አባወራ እንደተነሣ፣ ስንት ሄክታር እንደጸዳ፣ ማን ምትክ ቤት፣ ማን ካሳ እንደተሰጠው በመዝገብ ይሰፍራል። ተነሺው ይዞት የሚሄድ፣ ግን በየትኛውም ቅጽ ላይ የማይሞላ አንድ ሀብት ግን አለ፤ የሆነ ዘፈን ሲከፈት ልቡ ተመልሶ የሚቆምበት ቦታ። ይህን ጉዳይ ለመመርመር ከነፋስ ስልክ ላፍቶ የተሻለ ክፍለ ከተማ ማግኘት ይከብዳል። ቄራ፣ ጎፋና ሳሪስ በፋብሪካና በቄራ ሥራ ዙሪያ የደረጁ የቆዩ ሰፈሮች ናቸው። ጀሞ፣ ለቡና ሃና ማርያም በአንጻሩ በአንድ ትውልድ ዕድሜ ውስጥ ከእርሻ መሬትነት ወደ ሕንፃ ጫካነት የተለወጡ ሲሆኑ፣ አብዛኛው ነዋሪያቸው ከሌላ ቦታ የመጣ ነው። ሙግቴ ይህ ነው፤ ዘፈን ቦታን ጠብቆ የሚያቆየው በግጥሙ ሳይሆን በሰሚው በኩል ነው፤ ስለዚህ ሸክላውንና ካሴቱን ሰብስቦ ሰሚውን ሳይጠይቅ የሚያልፍ ከተማ የያዘው ግማሹን ብቻ ነው።

ነገሩ መጀመሪያ ሲሰማ እንግዳ ይመስላል። ስለ ቦታ የተዘፈነ ዘፈን ሞልቶናል፤ ዓለማየሁ እሸቴ «አዲስ አበባ ቤቴ»ን ተጫውቷል፤ ከአራቱ ዋና ዋና ቅኝቶቻችን ሁለቱ፣ ባቲና አምባሰል፣ በወሎ ቦታዎች ስም ይጠራሉ። ነገር ግን ሳሪስ ተወልዶ ያደገ ሰው የባቲን የሰኞ ገበያ አይቶ ሳያውቅ በባቲ ቅኝት ሆዱ ይባባል። ያን ጊዜ ፊቱ ላይ የሚመጣው የወሎ ገበያ አይደለም፤ የአክስቱ ሰርግ ድንኳን ወይም ሬዲዮ የተቀመጠበት የጓዳ መደርደሪያ ነው። በፈረንሳይኛ ይጽፍ የነበረው ዣን ዣክ ሩሶ እ.ኤ.አ. በ1768 በወጣው የሙዚቃ መዝገበ ቃላቱ ውስጥ ይህንኑ አስተውሏል። በባዕድ አገር ጦር ውስጥ ያገለግሉ የነበሩ የስዊዘርላንድ ወታደሮች የከብት እረኞቻቸውን ዜማ ሲሰሙ እያለቀሱ ይከዱ ስለነበር በመካከላቸው እንዳይዜም ተከልክሎ ነበር ይላል። ሩሶ ዜማውን ሲመረምረው ግን ያን ያህል ጉልበት የሚሰጠው ምንም ነገር አላገኘበትም፤ የሌላ አገር ሰው ሲሰማው አንዳች አይለውም። ኃይሉ ከልማድና ከትዝታ የመጣ እንጂ ከድምፁ አይደለም ሲል ደመደመ። ከሁለት መቶ ዓመታት በላይ ያለፈው ይህ አስተያየት ዛሬም የሚጸና ይመስለኛል።

የዘመኑ ሳይንስም ወደዚያው ያደላል። በካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ዴቪስ የሚሠራው ተመራማሪ ፔትር ጃናታ እ.ኤ.አ. በ2009 ባሳተመው ጥናት፣ ተማሪዎች ከ8 እስከ 18 ዓመት ሳሉ ተወዳጅ የነበሩ ዘፈኖችን እያሰማ የአንጎላቸውን እንቅስቃሴ ተከታትሏል። የሚያውቁት ዘፈን የግል ትዝታ ሲቀሰቅስባቸው ከግንባር ጀርባ ያለው የአንጎል ክፍል ጠንክሮ ይሠራል፤ ይህ ክፍል ሰው ስለ ራሱ ሲያስብ የሚተጋው ነው። የዕድሜውን ነገር አጥብቄ መያዝ እፈልጋለሁ። ዘፈን ከቦታ ጋር የሚጣበቀው በአብዛኛው በልጅነትና በጉርምስና ከሆነ፣ አንድን ሰፈር በዘፈን ውስጥ ይዘው የሚኖሩት እዚያ ያደጉት ናቸው ማለት ነው። እነሱ ሲያልፉ ዘፈኑ ይቀራል፤ ሰፈሩ ግን ከዘፈኑ ውስጥ ይወጣል።

አዲስ አበባ ውስጥ ይህ መጣበቅ የግል ብቻ ሆኖ አያውቅም። የቀበሌ ቤት ግድግዳው ጭቃ፣ ጣሪያው ቆርቆሮ ነው፤ በአንዱ ቤት የተከፈተ ሬዲዮ ለግቢው ሁሉ ይበቃል። የዘፈን ምርጫ ፕሮግራም ሲጀምር ሬዲዮ ያለውም የሌለውም እኩል ይሰማ ነበር። ሸክላ የማሳተም መብት ለሀገር ፍቅር ቴአትር ብቻ በተሰጠበት ዘመን፣ ወጣቱ አምሃ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1969 ያን አጥር ጥሶ ሸክላዎቹን ውጭ አገር ማሳተም ሲጀምር፣ አብዛኛው ሰው የማሕሙድ አሕመድንና የዓለማየሁን ድምፅ የለመደው ሸክላውን ገዝቶ አይደለም፤ ከቡና ቤትና ከሙዚቃ ቤት ወደ መንገድ ከሚወጣው ድምፅ ነው። በደርግ ዘመን ሰዓት እላፊ የምሽቱን ሕይወት ሲዘጋው ደግሞ ካሴት ዘፈኑን ወደ ቤትና ወደ ታክሲ አስገባው። ጥላሁን ገሠሠ ሚያዝያ 11 ቀን 2001 ዓ.ም. በፋሲካ ዕለት ሲያርፍ በየቤቱ የተከፈቱት ዘፈኖቹ ዛሬም ለብዙ ሰው የዚያን የበዓል ቀን ቤት፣ የዶሮ ወጡን ሽታ፣ አብሮ የነበረውን ሰው ይዘው ይመጣሉ። በግል የሚታወስ፣ ግን በጋራ የተሰማ ነገር ነው። ጉዳዩ የግለሰብ ስሜት እንጂ የሕዝብ ጉዳይ አይደለም ለሚል ሰው መልሴ እዚህ ላይ ነው፤ አብሮ መስማት የሰፈር ሥራ ነበር።

ኮንዶሚኒየሙ የፈታው ይህን አብሮነት ነው። በ1990ዎቹ ሁለተኛ አጋማሽ የተጀመረው የቤት ልማት መርሐ ግብር ቤት የሚያድለው በዕጣ ነበር። ዕጣ አድልዎን ይቀንሳል፤ ለዚህ ሲባል መመረጡ ትክክል ነው። ጉርብትናን ግን አያውቅም። ጀሞ ላይ በአንድ ደረጃ የሚወጡና የሚወርዱ አባወራዎች እያንዳንዳቸው ከተለያየ ሰፈር የመጡ ሊሆኑ ይችላሉ፤ አንዱ ከመርካቶ ጀርባ፣ ሌላው ከልደታ፣ ሌላው ከክፍለ ሀገር። ብዙዎች አዲሱ ቤት ከገቡ በኋላም ዓመታት ቆይተው እንኳ በቀድሞ ሰፈራቸው ዕድር ይከፍላሉ፤ ለቀብር የሚመለሱት ወደዚያው ነው። ለዘፈን ግን እንዲህ ያለ መመለሻ ዕድር የለም። አንዱ ቤት ውስጥ የተከፈተ የብዙነሽ በቀለ ዘፈን ለባለቤቱ አንድ ግቢ ሙሉ ሰው ይዞለት ሲመጣ፣ ለጎረቤቱ የግድግዳ ማዶ ድምፅ ብቻ ነው። በ2016 ዓ.ም. የፒያሳው ዶሮ ማነቂያ፣ በ2017 ዓ.ም. ደግሞ ካዛንቺስ ሲነሡ የሆነውም ይኸው ነው። እነዚህ በተለይ የሙዚቃ ሰፈሮች ነበሩ፤ የካዛንቺስ አዝማሪ ቤቶችን ያላወቀ የከተማው ጎልማሳ ጥቂት ነው። የፈረሰው ቤት ፎቶ ተነሥቶለታል። እዚያ ቤት ውስጥ ምን ሲዘፈን ማን ያለቅስ እንደነበር ግን የጠየቀ የለም።

እዚህ ላይ ከባድ ተቃውሞ ይነሣል። ትዝታ ያጣፍጣል፤ የድሮው ሰፈር ጣሪያው የሚያፈስ፣ መጸዳጃው ለአሥር ቤት አንድ የሆነ፣ በክረምት ጎርፍ የሚገባበት ነበር፤ በዘፈን እያሳመሩ ማስታወስ ድህነትን ማስዋብ ነው የሚሉ አሉ። ስለ ድህነቱ የሚሉት ልክ ነው፤ ማንም ሰው ወደዚያ ቤት ይመለስ የሚል ሐሳብ የለኝም። ዘፈን ሁሉ ያጣፍጣል ማለት ግን ስሕተት ነው። በደርግ ጊዜ በየቀበሌው የኪነት ቡድን ነበር፤ የአብዮቱ መዝሙሮችና የዘመቻ ዘፈኖች ከሬዲዮም ከአዳራሽም ይወጡ ነበር። ለዚያ ዘመን ሰው ያ ዜማ ይዞት የሚመጣው የጠፋ ወንድም፣ በሌሊት የተንኳኳ በር፣ የስብሰባ ፍርሃት ነው። ዘፈን ምሬቱንም በዚያው ጥራት ይይዛል። ስለዚህ የሰሚዎችን ትዝታ መመዝገብ የከተማዋን ደግ ዘመን መሸለም አይሆንም፤ የሚያፈስሰውን ጣሪያ ጭምር የሚመሰክር መዝገብ ነው የሚሆነው። መጣፈጡን የምንፈራ ከሆነ እንዲያውም ብዙ ሰው መጠየቅ ነው መድኃኒቱ፤ አንዱ ያሳመረውን ሌላው ያርመዋልና።

ሁለተኛው ተቃውሞ የሚመጣው ከሙዚቃ አዋቂዎች ወገን ነው። የትዝታ ቅኝት ራሱ ሐዘንና ናፍቆትን በድምፁ የተሸከመ ነው፤ ስለዚህ ሰሚው ማን መሆኑ ለውጥ አያመጣም ይላሉ። ቅኝቱ ስሜትን ወደ አንድ አቅጣጫ እንደሚመራ አልክድም። ነገር ግን የትዝታ ዘፈን ታሪክ ራሱ ከእኔ ጋር ይቆማል። ካሳ ተሰማ በክራሩ፣ በዛወርቅ አስፋው በድምጿ፣ ማሕሙድ አሕመድ ከባንድ ጋር ሲጫወቱት ግጥሙን እያንዳንዳቸው እንደ ራሳቸው አድርገው ነው፤ አዝማሪም በተቀመጠበት ቤት ለተቀመጠው ሰው እየገጠመ ያስገባበታል። ማዕቀፉ ለሁሉም ክፍት ስለሆነ ውስጡን የሚሞላው እያንዳንዱ ያጣው ነገር ነው። ቅኝቱ ናፍቆት ይሰጣል እንበል፤ የሚናፈቀውን ቦታ ግን ሊሰጥ አይችልም።

ሦስተኛው ሁሉም ነገር ኢንተርኔት ላይ አለ የሚለው ነው። አለ፤ ይህም ትልቅ በረከት ነው። ፈረንሳዊው ፍራንሲስ ፋልሴቶ እ.ኤ.አ. ከ1990ዎቹ መጨረሻ ጀምሮ «ኢትዮፒክስ» በሚል ተከታታይ ሲዲ የቆዩ ሸክላዎቻችንን ባያሳትም ኖሮ ብዙዎቹ ጠፍተው ይቀሩ ነበር። አሜሪካዊቷ የሙዚቃ ምሁር ኬይ ካፍማን ሼለመይ ወደ አሜሪካ ከተሰደዱ ሙዚቀኞቻችን ጋር ያደረገቻቸው ቃለ መጠይቆች ዋሽንግተን በሚገኘው የኮንግረስ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጠዋል። ለሁለቱም ምስጋና ይገባል። አንዱ ያዳነው ድምፁን ነው፣ ሌላዋ የዘፋኙንና የተጫዋቹን ቃል። የሳሪስ አደይ አበባ ጥጥ ፋብሪካ ሠራተኛ ከፈረቃ ሲወጣ ይሰማው የነበረውን ዘፈን፣ የቄራ በሬ ነጂ በማለዳ ያፏጨውን ዜማ የሚጠይቅ መዝገብ ግን በዋሽንግተንም በፓሪስም አይገኝም፤ ሊኖር የሚችለው እዚሁ ብቻ ነው።

ሥራው ትልቅ ገንዘብ የሚጠይቅ አይደለም። የከተማ አስተዳደሩ የባህል፣ ኪነ ጥበብና ቱሪዝም ቢሮ ተነሺዎች ሲመዘገቡ አብሮ ጥቂት ጥያቄዎችን ማስጠየቅ ይችላል፤ የትኛው ዘፈን ነው ይህን ሰፈር የሚያስታውስዎት? የት ቁጭ ብለው ሰሙት? ማን አብሮ ነበር? ቦታው ላይ ምን ነበር የቆመው? መልሱን በድምፅ ቀድቶ፣ ከሰፈሩ አሮጌ ካርታ ጋር አያይዞ፣ ለኢትዮጵያ ቤተ መዛግብትና ቤተ መጻሕፍት አገልግሎት ማስረከብ ነው። ቀድሞ የተነሡትን ለማግኘት የየሰፈሩ ዕድሮች መዝገብ ይበቃል፤ አባላቱ ዛሬ የት እንደገቡ ከእነሱ የተሻለ የሚያውቅ የለም። መቅደም ያለባቸው የሸክላው ዘመን ወጣቶች ናቸው፤ ዛሬ ከ70 ዓመት ወዲያ ያሉ ሰዎች ናቸውና። ከእነሱ ጋር ግን የጀሞ ልጆችም መጠየቅ አለባቸው። ሕንፃዎቹ ገና ሲገባባቸው የተወለደ ልጅ ዛሬ ጃናታ ለጥናቱ በመረጠው ዕድሜ ውስጥ ነው፤ ከታክሲ ተራው፣ ከጎረቤት ስልክ፣ ከምድር ቤቱ ሱቅ የሚሰማው ዘፈን አሁን እየተጣበቀበት ነው፤ የሚጣበቀውም ከደረጃው፣ ከጣሪያው የውኃ ታንከርና ከጋራ መገልገያው ቤት ጋር ነው። ጀሞም አንድ ቀን ሊነሣ ይችላል።