ነፍሰ ጡር ራሷን ሲያማት «ሐራራ ነው» ብላችሁ አትለፏት



ሐረር ውስጥ ነፍሰ ጡር ሴት ራሷን ሲያማት ከጎረቤት የምትሰማው መልስ የታወቀ ነው፦ «ሐራራ ነው፣ ቡና ጠጪ ይለቅሻል።» የምትቅም ከሆነች ደግሞ «ዛሬ ስላልቃምሽ ነው» ትባላለች። ቡና የለመደ ሰው ሲያቋርጥ ራሱን እንደሚያመው እኔም አልክድም። ነገር ግን እርግዝናው አምስት ወር ካለፈ በኋላ የመጣ፣ አልለቅ ያለ ከባድ ራስ ምታት የፕሪኤክላምፕሲያ ምልክት ሊሆን ይችላል።

ፕሪኤክላምፕሲያ ከእርግዝና ጋር የሚመጣ የደም ግፊት ሕመም ነው። አብዛኛውን ጊዜ ከ20ኛው ሳምንት በኋላ ግፊቱ 140/90 እና ከዚያ በላይ ይሆናል፤ ሽንት ውስጥ ፕሮቲን ይታያል፣ ወይም ኩላሊትና ጉበት ይጎዳሉ። መነሻው እንግዴ ልጁ ላይ ነው እንጂ «ባሏ አናዷት ነው» እንደሚባለው አይደለም።

ክፋቱ ሲጀምር ምንም አለማሳመሙ ነው። ክፍሌ ገብተው «ዶክተር፣ እኔ ደህና ነኝ፣ ለካርዱ ብዬ ነው የመጣሁት» የሚሉኝ እናቶች ክንዳቸው ላይ መለኪያው ሲታሰር ሌላ ቁጥር የሚወጣበት ጊዜ አለ።

በ2019 እ.ኤ.አ. በተደረገው አገር አቀፍ ጥናት ከወለዱ እናቶች 74 በመቶዎቹ ቢያንስ አንዴ የእርግዝና ክትትል አድርገዋል፤ አራት ጊዜና ከዚያ በላይ የተከታተሉት ግን 43 በመቶ ብቻ ናቸው። አሁን የሚመከረው ስምንት ጊዜ ሲሆን የመጀመሪያው ከ12ኛው ሳምንት በፊት ነው። ዓይን እንዳያርፍባት ብላ ሆዷ እስኪገፋ የምትደብቅ ብዙ ናት። ለጎረቤት አለመናገር መብቷ ነው፣ ለሐኪም ግን ትንገር። ምክንያቱም ቀድሞ የደም ግፊት፣ ስኳር ወይም የኩላሊት ሕመም ላለባት፣ መንታ ለያዘች ወይም ባለፈው እርግዝና ይህ ሕመም ለገጠማት ሴት አነስተኛ መጠን ያለው አስፒሪን እናዝዛለን። የሚጀመረው ከ12ኛው ሳምንት በኋላ፣ ቢቻል ከ16ኛው በፊት ነው። በስድስተኛ ወሯ ስትመጣ ጊዜው አልፏል። (ራሳችሁ ገዝታችሁ እንዳትጀምሩ፣ አደራ!)

ጫትን በተመለከተ ልለሳለስ አልችልም። ግፊት ይጨምራል፣ ምግብ ይዘጋል፣ የልጁን ክብደትም ይቀንሳል። ቡናውን ቀነስ አድርጉት፤ የደም ማነስ እንክብል የምትወስዱ ደግሞ ከቡናም ከሻይም ጋር አትዋጡት፣ ብረቱ ሰውነታችሁ ውስጥ እንዳይገባ ይከለክላል።

እግር ማበጥ በመጨረሻዎቹ ወራት የተለመደ ነው። ፊትና እጅ ድንገት ካበጠ፣ ዓይን ብዥ ወይም ብልጭ ካለ፣ ከቀኝ የጎድን አጥንት ሥር ወይም ልብ አካባቢ ካመማት («ጨጓራዬ ነው» ይሉታል)፣ ወይም ትንፋሽ ካጠራት ግን ቀጠሮዋን አትጠብቅ። ሌሊትም ቢሆን ትሂድ።

ካንቀጠቀጣት ልክፍት አይደለም። ክብሪት አታሽቷት፣ አፏ ውስጥ ማንኪያ አትክተቱ። በግራ ጎኗ አስተኝታችሁ በቀጥታ ሆስፒታል ውሰዷት። እዚያ ማግኒዚየም ሰልፌት የሚባል መድኃኒት ይሰጣታል፤ ከዚያ ማዋለዱ ይታሰባል፣ የሕመሙ መፍትሔ መውለድ ስለሆነ።

ጀጎል ውስጥ ለምትኖሩ፦ ብዙዎቹ መንገዶች አምቡላንስ ደጃፋችሁ ድረስ አያስገቡም። ስለዚህ ማን ተሸክሞ እንደሚያወጣት፣ የትኛው በር እንደሚቀርባችሁ፣ የትኛው ባለ ባጃጅ ሌሊት ስልክ እንደሚያነሳ ከሰባተኛ ወር ጀምሮ ተነጋገሩ። የቀይ መስቀል አምቡላንስ 907 ነው። ሕይወት ፋናም ሆነ ጀጎል ሆስፒታል፣ የመንግሥት በመሆናቸው ለእናቶች የወሊድ አገልግሎት በነጻ ነው።

ደግሞ ወለደች ተብሎ አይዘናጋ። ይህ ሕመም ከወሊድ በኋላም፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ ቀናት፣ አልፎ አልፎም እስከ ስድስት ሳምንት ድረስ ሊነሳ ይችላል። ቤቱ በገንፎና በእንግዳ ሞልቶ አራሷ «ራሴን» ስትል «ምች መታት» ተብሎ ዳማከሴ ይጨመቅላታል። ዳማከሴው ይቆይ፤ በዚያው ቀን ግፊቷ ይለካ።