መኪና ስለሚያሻግር መርከብና ልጆቻችን ስለሚሳፈሩበት ጀልባ

መንገደኛ ከመነሣቱ አስቀድሞ መንገዱን የሚያውቅ ሰው መጠየቅ ከጥንት ጀምሮ የአገራችን ልማድ ነው። በቅሎውን የሚጭን ሰው ወንዙ መሙላቱንና መጉደሉን ሳይጠይቅ ከደጁ አይወጣም ነበር። በዛሬው ዘመን ግን ባሕርን የሚያህል ነገር ለመሻገር የሚነሣው ወጣት የሚጠይቀው መንገዱን የሚያውቀውን ሰው ሳይሆን በመንገዱ የሚነግደውን ደላላ ሆኗል። ስለዚህ ነገር ጥቂት ቃል ለመጻፍ ያነሣሣን በገዛ ቤታችን የደረሰው ነው።

በመርሳ የምትኖረው እኅታችን አንድ ቀን ልጇን አስከትላ ወልድያ ድረስ መጣች። ልጁ ሃያ ዓመት የሆነው፥ ጨዋና ብርቱ ገበሬ ነው። ቡናው ከተጠጣ በኋላ እናቲቱ ፊቷን ወደ ግድግዳው መልሳ አለቀሰች። ምክንያቱን ብንጠይቃት፥ ልጁ አባቱ የተወለትን ሁለቱን የእርሻ በሬዎች ሸጦ በኦቦክ በኩል ወደ የመን፥ ከየመንም ወደ ሳዑዲ ዓረቢያ ለመሄድ መቁረጡን ነገረችን።

ልጁም፥ «አጎቴ፥ እናቴ በከንቱ ትሰጋለች። የምሻገርበት መርከብ እንደ ቤት ያለ ነው፤ ካሚዮን ሳይቀር ከነጭነቱ ያሻግራል ብለው ነግረውኛል። ካሚዮን የቻለ መርከብ እኔን ያቅተዋልን?» አለን።

እኛም ይህን ሰምተን አልሳቅንበትም። ደላላው የነገረው ግማሹ እውነት ነበርና፤ ግማሽ እውነት ደግሞ ከፍጹም ሐሰት ይልቅ ሰውን ያጠፋል። ስለዚህ የምናውቀውን ሁሉ አስረዳነው፤ ልጅ ያላቸው አንባቢዎቻችንም ይጠቀሙበት ዘንድ ከዚህ ቀጥሎ እንጽፈዋለን።

መኪና ከነጭነቱ የሚያሻግር መርከብ በእርግጥ አለ። በእንግሊዝና በፈረንሳይ አገር መካከል ከዶቨር ወደ ካሌ ይመላለሳል። በቀይ ባሕርም ዱባ ከሚባለው የሳዑዲ ዓረቢያ ወደብ ሳፋጋ ወደሚባለው የግብጽ ወደብ ሲሻገርበት ኖሯል። በጎረቤታችንም አገር ከጅቡቲ ከተማ የታጁራን ሰርጥ አቋርጦ ወደ ታጁራና ወደ ኦቦክ የሚሄድ አለ። እኛም ከዚህ ቀደም ለጉዳይ ጅቡቲ ወርደን በነበረ ጊዜ እስከ ታጁራ ድረስ ተሳፍረንበታል።

የመርከቡ አሠራር እንዲህ ነው። የመርከቡ አፍ ወይም ጀርባ እንደ ትልቅ መዝጊያ ሆኖ ወደ ወደቡ ሲወርድ መወጣጫ ይሆናል። አውቶሞቢሉም ካሚዮኑም በዚያ ላይ እየነዳ ወደ ሆዱ ይገባል። የመርከቡ ሠራተኛ እያንዳንዱን በእጁ ምልክት እየመራ ቦታውን ያሳየዋል፤ ከባዱ ሁሉ ወደ አንድ ወገን እንዳያጋድል ክብደቱን ያከፋፍላል። ነጂው ሞተሩን አጥፍቶ የእጅ ፍሬኑን ይይዛል። ከዚህ በኋላ ጎማው በሽብልቅ ይደገፋል፤ ከባዱም ካሚዮን በሰንሰለት ይታሰራል። በረዥሙ ጉዞ ሰው በመኪናው ውስጥ እንዲቀር አይፈቀድለትም፤ ሁሉም በደረጃ ወጥቶ በላይኛው ደርብ ይቀመጣል። መዝጊያው ሳይዘጋ፥ ሰው ሳይቆጠር፥ የመንሳፈፊያ ሰደርያ የሚገኝበት ስፍራ ሳይታወቅ መነሣት ክልክል ነው። ወደ ሌላ መንግሥት አገር የሚሻገር ሰው ደግሞ ፓስፖርቱን፥ ቪዛውንና የመኪናውን ባለቤትነት የሚያስረዳውን ወረቀት ያሳያል።

ይህ ሁሉ ሥርዓት የመጣው በብዙ ሰው ደም ነው። የካቲት 27 ቀን 1979 ዓ.ም. ከቤልጅክ ወደብ ከዘብሩግ የተነሣ የእንግሊዝ መርከብ የፊቱ መዝጊያ ሳይዘጋ በመቅረቱ ውሃ ገብቶበት ወደብ ሳይርቅ ተገለበጠ፤ 193 ሰዎች ሞቱ። በቀይ ባሕርም ጥር 26 ቀን 1998 ዓ.ም. ከዱባ ወደ ሳፋጋ ይሻገር የነበረ መርከብ እሳት ተነሣበት። እሳቱን ለማጥፋት የተረጨው ውሃ መውጫ አጥቶ በመኪናው ደርብ ላይ ተከማቸ፤ መርከቡም አጋድሎ ሰጠመና ከ1000 በላይ ሰዎች አለቁ። በሰፊ ወለል ላይ ያለ ውሃ መርከቡ ባዘነበለ ቁጥር ወደዚያው ወገን እየሮጠ ይበልጥ ያዘነብለዋልና ነው። እንግዲህ ሰውን የሚያድነው የመርከቡ ትልቅነት ብቻ አይደለም፤ በመርከቡ ላይ የሚጠበቀው ሥርዓት ነው።

አሁን ደግሞ ለእኅታችን ልጅ የተዘጋጀለት የትኛው እንደ ሆነ እንመልከት። በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለን የተሰጠንን የካርታ መጽሐፍ አውጥተን፥ ባብ ኤል መንደብ የሚባለውን ጠባብ ባሕር በክር ለክተን አሳየነው። የስሙ ትርጓሜ በዓረብኛ «የልቅሶ በር» ማለት ነው። በጠባቡ ስፍራ ከጅቡቲ እስከ የመን ዳርቻ 26 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል፤ ይህም ከወልድያ እስከ መርሳ ካለው መንገድ የሚበልጥ አይደለም። ልጁ ይህን ባየ ጊዜ ፊቱ በራ፤ «ቅርብ ነው» አለ። እኛም «ልጄ፥ ቅርብነቱ ነው ያሳሳተህ» አልነው።

ደላሎች ከኦቦክ ዳርቻ የሚያስነሡት ጀልባ መኪና የሚገባበት መዝጊያ የለውም። ሰው አይቆጠርበትም፤ የሚቆጠረው ገንዘቡ ብቻ ነው። ከመጠን በላይ ይጫናል፤ የጠረፍ ጠባቂ እንዳያያቸውም ሰዎቹን ዳርቻው ሳይደረስ ወደ ባሕር ይጥሏቸዋል። በመስከረም ወር 2017 ዓ.ም. ከየመን ተነሥተው 310 ሰው የጫኑ ሁለት ጀልባዎች ወደ ኦቦክ ዳርቻ ሲቀርቡ ተሳፋሪዎቹ በግድ ወደ ውሃ እንዲወርዱ በመደረጉ ከ40 የሚበልጡ ሰዎች ሞቱ። በዚያው ዓመት ሐምሌ 27 ቀን በየመን በአብያን ዳርቻ አንድ ጀልባ ሰጥሞ ከ90 የሚበልጡ ነፍሳት ጠፉ፤ አብዛኞቹም ኢትዮጵያውያን ነበሩ። የተሳፋሪ መዝገብ ስላልነበረ የብዙዎቹ እናቶች ልጃቸው መሞቱን የሚያረጋግጥላቸው አላገኙም። ቀብር የሌለው ኀዘን እንዴት ያለ እንደ ሆነ በየመንደሩ የሚያውቁት ያውቁታል።

እኛ በፍርድ ቤት መዝገብ የምንጽፍ እንደ መሆናችን ሕጉን ጨምረን ነገርነው። ሰውን በሕገ ወጥ መንገድ ድንበር ማሻገር በአዋጅ ቁጥር 1178/2012 ወንጀል ነው። በውጭ አገር ለመሥራት ለሚፈልግ ሰው ደግሞ በአዋጅ የተደነገገ መንገድ አለ፤ ይኸውም ዕድሜው 18 ዓመት የሞላው ሰው ፈቃድ ባለው አገናኝ በኩል፥ መንግሥት ባጸደቀው ውል የሚሄድበት ነው። ስለዚህ ልጁ የሚጠይቃቸውን አራት ጥያቄዎች በወረቀት ጽፈን ሰጠነው። አንደኛ፥ የመርከቡ ስምና ወደቡ ማን ይባላል? ሁለተኛ፥ ስሜ በየትኛው መዝገብ ይጻፋል? ሦስተኛ፥ ፓስፖርቴን በወደቡ የሚያየው ሹም ማን ነው? አራተኛ፥ የሥራው ውል የት አለ?

ልጁም ወረቀቱን ይዞ ሄደ። ከስምንት ቀን በኋላ ብቻውን ተመልሶ መጣና፥ «አጎቴ፥ ሰውዬው ለአንዱም አልመለሰልኝም፤ የሚጠይቅ ሰው አልወስድም ብሎ ተቆጣኝ» አለን። በሬዎቹም አልተሸጡም። ነገር ግን ወዲያው አንድ ነገር ጠየቀን፤ «እሺ፥ ባሕሩን ትቼዋለሁ፤ በዚህስ ምን ልሥራ? መሬቷ ለእኔና ለወንድሞቼ አትበቃንም» አለ። እኛም የተማርን ነን እያልን ለዚህ የምንመልሰው ቃል ወዲያው አልተገኘልንም።

ክቡራን አንባቢዎች ሆይ፥ ደላላው አራቱን ጥያቄዎች መመለስ አቅቶታል፤ ይህ አምስተኛው ግን የተጠየቀው ለእኛ ነው። ልጅን አትሂድ ማለት የአባትና የእናት ሥራ ነው፤ የሚቀርበትን ምክንያት መስጠት ግን ሹሙም፥ ባለ ሀብቱም፥ የተማረውም ሁሉ የሚካፈለው ዕዳ ነው። ይህን ዕዳ ሳንከፍል ብንቀር፥ ሌላው ወጣት በሬውን ሸጦ ወደ ልቅሶው በር መውረዱን አይተውም።