የታፔላው ዋጋ በምን ይገመታል?

ከሜክሲኮ አደባባይ ተነሥቶ በተግባረ ዕድ በኩል ወደ ልደታ የሚሄድ ሰው ዐይኑን ወደ ላይ ቢያነሣ የሚያነበው አያጣም። ጠበቃው፣ የጥርስ ሐኪሙ፣ የፎቶ ኮፒ ቤቱ ባለቤት፣ ሁሉም ስሙን በታፔላ አስጽፎ ሰቅሏል። ታፔላውን የሠራው ሰው ግን አተረፈ ወይስ ከሰረ ብሎ የሚጠይቅ መንገደኛ የለም። እኛም እስካለፈው ሰሞን ድረስ ካልጠየቁት ወገን ነበርን።

ባለፈው ሰሞን ግን በዚሁ በልደታ ከሁለት ሠራተኞች ጋር አነስተኛ የታፔላ ቤት ያላቸው አንድ አባት አስጠሩን። «ልጄ፣ ዩኒቨርሲቲ ገብተህ የተማርከው ለዚህ ካልሆነ ለመቼ ነው? ዋጋ የሚያወጣልኝ የኮምፒዩተር ፕሮግራም ምረጥልኝ» አሉን። ምክንያታቸውን ብንጠይቅ ከመሳቢያቸው አንድ የፕሮፎርማ ቅጂ አውጥተው አሳዩን።

ነገሩ እንዲህ ነው። በ2016 ዓ.ም. ክረምት መግቢያ ላይ ለአንድ መሥሪያ ቤት የታፔላ ዋጋ ጽፈው፣ ማኅተም አድርገው፣ በፖስታ አሽገው ሰጡ። መሥሪያ ቤቱ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስቦ ሲያመዛዝን ሳምንታት አለፉ። በዚህ መካከል፣ ሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም.፣ ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪን ዋጋ ለገበያ ለቀቀው፤ 57 ብር ገደማ የነበረውም ዶላር በጥቂት ሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ሆነ። አክሪሊኩም፣ የባነሩ ጥቅልም፣ የኤልኢዲ መብራቱም ከውጭ የሚመጣ ነውና ዋጋው አብሮ ወጣ። መሥሪያ ቤቱ ግን «ዋጋዎ ይኸው በማኅተምዎ ተጽፏል» አለ። በወረቀቱ ላይ ዋጋው እስከ መቼ እንደሚጸና የሚናገር አንድ ቃል አልነበረበትም። እኒያ አባት ቃላቸውን ጠብቀው ሠሩ፤ ሠርተውም ከሰሩ።

እኛም የተማርነውን ለማሳየት ቸኩለን ስለ ፕሮግራሞቹ ማውራት ጀመርን። በውጭ አገር ለታፔላ ቤቶች የተዘጋጁ፣ ሾፕቮክስን የመሰሉ ፕሮግራሞች አሉ። የዋጋ ማቅረቢያውን፣ የሥራ ትእዛዙንና ደረሰኙን አንድ ላይ ያያይዛሉ፤ ብዙ ሠራተኛ ላለው ትልቅ ቤትም ይጠቅማሉ። ነገር ግን የሚከፈልባቸው በየወሩ በዶላር ነው፤ የሚሠሩትም ኢንተርኔት ሲኖር ነው። ከሁሉም በላይ ደግሞ ማንኛውም ፕሮግራም የሚደምረው የሰጡትን ብቻ ነው። የእኒያን አባት ፕሮፎርማ በፕሮግራም አዘጋጅተነው ቢሆን ኖሮ፣ ያንኑ ዋጋ ባማረ ፊደል ያትምላቸው ነበር እንጂ ከኪሳራ አያድናቸውም ነበር። ስለዚህ አስቀድሞ መመረጥ ያለበት ቅጹ መሆኑን ተረዳን።

ቅጽ ሲባል ምን ይጻፍበት? በብዙ ቤት የተለመደው «በካሬ ይህን ያህል» ማለት ነው። ይህ ለባነር ሊያስኬድ ይችላል፤ ለአክሪሊክ ግን ያታልላል። አንድ የተለመደ የአክሪሊክ ገበታ ወርዱ 1.22፣ ቁመቱ 2.44 ሜትር ሲሆን ስፋቱ ወደ 3 ካሬ ሜትር ይጠጋል። ደንበኛው 1.30 በ2 ሜትር የሆነ ታፔላ ቢያዝ ስፋቱ 2.60 ካሬ ነውና በአንድ ገበታ የሚያልቅ ይመስላል። ዳሩ ግን 1.30 ከ1.22 ይበልጣል! ወይ ሁለተኛ ገበታ መግዛት፣ ወይ መቀጠል ግድ ነው። በካሬ ያሰላ ሰው የሁለተኛውን ገበታ ዋጋ ከኪሱ ይከፍላል።

የብረቱም ነገር እንዲሁ ነው። 1 ሜትር በ4 ሜትር የሆነና 2 ሜትር በ2 ሜትር የሆነ ታፔላ ሁለቱም 4 ካሬ ናቸው። የፊተኛው ዙሪያ ግን 10 ሜትር፣ የኋለኛው 8 ሜትር ነው፤ የሚፈጁት ቱቦላሬም የተለያየ ነው። ስለዚህ በቅጹ ላይ የሚጻፈው የካሬው ብዛት ሳይሆን ከሱቅ የሚገዛው ገበታና ቱቦላሬ በቁጥር ነው። ከዚያ በኋላ የንድፉ፣ የቆረጣው፣ የብየዳውና የተከላው ሰዓት ይከተላል፤ ቀጥሎም የመኪናና የመሰላል ኪራይ፣ ከቤት ኪራይና ከመብራት የሚደርሰው ድርሻ፣ በመጨረሻም ትርፉ ይጻፋል።

ስለ ትርፍም ብዙዎች የሚሳሳቱበት ሒሳብ አለ። 8,000 ብር በፈጀ ሥራ ላይ 25 በመቶ ቢጨመር ዋጋው 10,000 ብር ይሆናል። ባለቤቱ ለተጨማሪ እሴት ታክስ የተመዘገበ ከሆነ 15 በመቶው ሲታከል ደንበኛው የሚከፍለው 11,500 ነው። አሁን ደንበኛው «ከ10,000ው ላይ 20 በመቶ ቀንሱልኝ» ቢል፣ ባለቤቱ 25 ጨምሬ 20 ብቀንስ 5 ይቀረኛል ብሎ ያስብ ይሆናል። ይሁንና የ10,000 ብር 20 በመቶ 2,000 ብር ነው፤ ያ ደግሞ ትርፉ በሙሉ ነው።

ቅጹ እንዲህ ከተሰናዳ በኋላ ኮምፒዩተሩ ተራውን ያገኛል። በ1979 እ.ኤ.አ. ዳን ብሪክሊንና ቦብ ፍራንክስተን የተባሉ ሁለት አሜሪካውያን ቪዚካልክ የተባለውን የሒሳብ ሰሌዳ ለገበያ ሲያቀርቡ፣ የነገሩ ፍሬ አንድ ቁጥር ሲለወጥ የቀረው ሁሉ በራሱ መታረሙ ነበር። ኤክሴልም ሆነ ያለ ክፍያ የሚገኘው ሊብረ ኦፊስ የዚሁ ዘር ናቸው። የዕቃውን ዋጋ በአንድ ገጽ፣ የሥራውን ልክ በሌላ ገጽ ያስቀመጠ ሰው፣ ገበያው ሲለወጥ የሚነካው የዋጋውን ገጽ ብቻ ነው። በግምቱ አጠገብ ደግሞ «በእርግጥ የወጣው» የሚል ረድፍ ቢጨመር፣ ከጥቂት ሥራዎች በኋላ ቅጹ ራሱ አስተማሪ ይሆናል።

ይህን ጽሑፍ ከሚያነቡት መካከል ነገ ከነገ ወዲያ ሦስት ፕሮፎርማ ሰብስብ የሚባል ወጣት ሹም አይጠፋም። ልኩን፣ የዕቃውን ዐይነትና ውፍረት ሳይጽፍ ዋጋ ቢጠይቅ፣ የሚመጡለት ሦስት ዋጋዎች የአንድ ታፔላ ዋጋ አይደሉም፤ የሦስት ልዩ ልዩ ታፔላዎች ናቸው። ዝቅተኛው የሚያሸንፈውም ስስ ዕቃ ስለ ገመተ ሊሆን ይችላል፤ ይህንንም የመጀመሪያው ነፋስ ይመሰክራል። ዋጋው የሚጸናበት ቀን ሳያልፍ መወሰንም የዚያው ሹም ፈንታ ነው፤ የዘገየች ፊርማ የሌላውን ሰው እንጀራ ትነካለችና።

ቅጹን ሠርተን በወሰድንበት ቀን አንድ ደንበኛ ገብቶ 1.30 በ2 ሜትር ታፔላ አዘዘ። እኒያ አባት መነጽራቸውን አድርገው ቅጹን ተመለከቱና «1.20 ብናደርገው በአንድ ገበታ ያልቃል፤ ለአንተም ይረክስልሃል» አሉት። ደንበኛው ተስማማ። ከዚያም እስክሪብቶ አነሡና ከዋጋው አስቀድመው ዋጋው የሚጸናበትን የመጨረሻ ቀን ጻፉ።