ከነጥብ በኋላ ስድስት አኃዝ፦ የልኬት ስሕተት ዕዳው የማን ነው?

ቡና አምራቹ ገበሬ ምርቱን ወደ ገበያ ሲያወጣ መለካት አዲስ ነገር ሆኖበት አያውቅም። ክብደቱ በሚዛን፣ ድርቀቱ በጥርስ፣ ንጽሕናው በዓይን ሲመዘን ኖሯል። በውጤቱ ቅር ቢሰኝ እንኳ ሚዛኑን አይቶ፣ ፍሬውን ነክሶ፣ ከነጋዴው ጋር ተከራክሮ ወደ ቤቱ ይመለስ ነበር። ካለፉት ሁለት አሥርት ዓመታት ወዲህ ግን የሚለካው ቡናው ብቻ መሆኑ ቀርቷል። ቡናው የበቀለበት መሬት፣ በመሬቱ ላይ የቆመው የጥላ ዛፍ፣ ቡናው የታጨቀበት ጆንያ ጭምር ይለካል። ለኪው ሩቅ ነው፤ ውጤቱም ብዙ ጊዜ ገበሬው በማያነበው ቋንቋ ተጽፎ እርሱ በማይደርስበት ጽሕፈት ቤት ይቀመጣል።

የኦርጋኒክ፣ የፍትሐዊ ንግድ፣ የደን ጥበቃና የመሳሰሉት የማረጋገጫ ሥርዓቶች የተፈጠሩት በመልካም ሐሳብ ነው። ሸማቹ የሚጠጣው ቡና እንዴት እንደተመረተ እንዲያውቅ፣ በጥንቃቄ ያመረተውም ገበሬ የተሻለ ዋጋ እንዲያገኝ ታስቦ ነው። ይሁን እንጂ በገበሬው ዘንድ ምሬት ይሰማል። አንዱ ማሳ በየሥርዓቱና በየገዢው ተደጋግሞ ይመዘገባል። የምስክር ወረቀቱ በአብዛኛው የሚወጣው በማኅበሩ፣ በዩኒየኑ ወይም በላኪው ስም በመሆኑ ገበሬው ገዢ መለወጥ ቢፈልግ ይዞት አይሄድም። ከሁሉም በላይ ደግሞ «አላለፈም» ሲባል ለምን እንዳላለፈ የሚያስረዳው አያገኝም።

ይህን ምሬት የኢኮኖሚ ባለሙያዎች በዋጋ፣ የሕግ ባለሙያዎች በውል ይተረጉሙታል። እኛ ደግሞ ለዛሬው በልኬት ሳይንስ ዓይን እንመልከተው። ማንኛውም ልኬት የስሕተት ወሰን አለው፤ ይህን የፊዚክስ ተማሪ ገና በመጀመሪያው የቤተ ሙከራ ክፍለ ጊዜ ይማረዋል። ስለዚህ ስሕተት መኖሩ አከራካሪ አይደለም። ሊጠየቅ የሚገባው ስሕተቱ ሲከሰት ዕዳውን የሚከፍለው ማን እንደሆነ ነው።

የጆንያው ዕዳ

ለዚህ ጥሩ ማሳያ የሚሆነን በጃፓን ገበያ የደረሰው ነው። ጃፓን እ.ኤ.አ. በ2006 ሥራ ላይ ባዋለችው ሥርዓት የተለየ ወሰን ላልተቀመጠለት የፀረ ተባይ ቅሪት ሁሉ አንድ ወጥ ገደብ ደነገገች፤ ይህም በአንድ ኪሎ ግራም ምርት 0.01 ሚሊ ግራም ነው። በ60 ኪሎ ግራም ጆንያ ስናሰላው በመላው ጆንያ ውስጥ 0.6 ሚሊ ግራም መሆኑ ነው። ጥቂት የገበታ ጨው ቅንጣቶች አንድ ላይ ቢመዘኑ ይህን ያህላሉ።

እ.ኤ.አ. በ2008 ከኢትዮጵያ በተላከ ቡና ላይ ከገደቡ ያለፈ ቅሪት ተገኘ፤ ወደ ጃፓን የሚሄደውም ቡና ክፉኛ አሽቆለቆለ። አብዛኛው የአገራችን ገበሬ በቡናው ላይ ፀረ ተባይ የማይረጭ በመሆኑ ነገሩ እንቆቅልሽ ሆኖ ነበር። በኋላ የተደረገው ማጣራት ጥርጣሬውን በዋናነት ያዞረው ወደ ማሳው ሳይሆን ወደ ቃጫው ጆንያ ነው። ከተበከለ ጆንያ የሚወጣ ኬሚካል ቅባት ባለው የቡና ፍሬ ላይ በቀላሉ ይጣበቃል።

እዚህ ላይ የመለኪያው መሣሪያ አልተሳሳተም። ቁጥሩ ትክክል ነበር፤ የተሳሳተው ቁጥሩ ስለ ምን እንደሚናገር የተሰጠው ትርጉም ነው። የተለካው ጆንያ ነካሽ ቡና ሆኖ ሳለ ገበያው የፈረደው በአምራቹ ላይ ነው። ጆንያውን ያልመረጠው፣ ያልገዛውና ያላጠበው ገበሬ የጆንያውን ዕዳ ተሸከመ።

ስልኩ የሚያውቀውና የማያውቀው

አሁን ደግሞ ትኩረቱ ወደ መሬቱ ዞሯል። የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2023 ያወጣው የደን ምንጣሮ ደንብ ቡናን ጨምሮ ሰባት ምርቶችን ይመለከታል። ከዲሴምበር 31 ቀን 2020 በኋላ ደን በተመነጠረበት መሬት ላይ የበቀለ ምርት ወደ ኅብረቱ ገበያ እንዳይገባ ያግዳል። ደንቡ ተግባራዊ የሚሆንበት ቀን ሁለት ጊዜ ተራዝሞ ለትልልቅና ለመካከለኛ ድርጅቶች ዲሴምበር 30 ቀን 2026፣ ለአነስተኞቹ ደግሞ ጁን 30 ቀን 2027 ሆኗል። በደንቡ መሠረት ከ4 ሄክታር በላይ የሆነ የቡና ማሳ ወሰኑ ዙሪያውን በካርታ መነሳት አለበት። ከዚያ ያነሰው በአንድ ነጥብ ኬክሮስና ኬንትሮስ ሊገለጽ ይችላል። በሁለቱም ረገድ ቁጥሩ ከነጥብ በኋላ ቢያንስ ስድስት አኃዝ ሊኖረው ይገባል።

ስድስት አኃዝ ምን ማለት ነው? አንድ ዲግሪ ኬክሮስ በምድር ላይ 111 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። ይህ ለአንድ ሚሊዮን ሲካፈል 11 ሴንቲ ሜትር ይሆናል። ደንቡ እንግዲህ የማሳውን ቦታ ከአንድ ስንዝር ባነሰ ርቀት የሚለይ ቁጥር ይጠይቃል ማለት ነው።

ቁጥሩን የሚሰጠው በአብዛኛው የእጅ ስልክ ነው። ከምድር በላይ 20,200 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ የሚዞሩት የጂ.ፒ.ኤስ. ሳተላይቶች ሰዓታቸውን በሬዲዮ ሞገድ ያሠራጫሉ። ስልኩ ቢያንስ ከአራት ሳተላይቶች የተላከውን ምልክት ተቀብሎ፣ ሞገዱ ለመድረስ ከፈጀው ጊዜ ርቀትን ያሰላል። ብርሃን በአንድ ናኖ ሴኮንድ 30 ሴንቲ ሜትር ያህል ስለሚጓዝ የጥቂት ናኖ ሴኮንዶች መዛባት ሜትሮችን ያሳስታል። ሰማዩ ገላጣ በሆነበት ቦታ የተለመደ ስልክ ስሕተቱ 5 ሜትር ያህል ነው። በዋንዛና በግራር ጥላ ሥር ግን ውኃ ያዘለው ቅጠል ሞገዱን ያዳክመዋል፤ ከግንድና ከቅርንጫፍ እየነጠረ የሚመጣውም ሞገድ መንገዱ ስለሚረዝም ስሕተቱ ይብሳል። ቡናው ደግሞ የሚወደው ይህንኑ ጥላ ነው።

ስልኩ ስድስት ቀርቶ ስምንት አኃዝ ጻፍ ቢባል ይጽፋል፤ መጻፉ ግን ማወቁን አያሳይም። በክንድ ለክቶ በሚሊ ሜትር እንደ መናገር ነው። ደንቡ የአኃዙን ብዛት ይጠይቃል እንጂ ከቁጥሩ ጎን የስሕተቱ ወሰን እንዲጻፍ አይጠይቅም።

ይህ ስሕተት በሁሉም ላይ እኩል አይከብድም። ግማሽ ሄክታር የሆነ አራት ማዕዘን ማሳ አንዱ ጎኑ 71 ሜትር ያህል ነው። ከማሳው ስፋት ከሩብ በላይ የሚሆነው ከወሰኑ በ5 ሜትር ርቀት ውስጥ ይገኛል፤ ማለትም በስልኩ ልኬት የገበሬው ይሁን የጎረቤቱ፣ የማሳ ይሁን የጫካ፣ በእርግጠኝነት ሊለይ አይችልም። ማሳው 4 ሄክታር ሲሆን ይህ አጠራጣሪ ክፍል ወደ አሥር በመቶ ይወርዳል፤ 100 ሄክታር ለሆነ ትልቅ እርሻ ደግሞ ሁለት በመቶ ብቻ ነው። ስልኩ ያው፣ ሳተላይቱ ያው፤ ጥርጣሬው ግን በአነስተኛው ገበሬ ማሳ ላይ ይከማቻል።

ከሰማይ ሲታይ

ነጥቡ ከተያዘ በኋላ ከሳተላይት ምስል ጋር ይነጻጸራል። ቅጠል ቀዩን ብርሃን ለምግብ ዝግጅት ይውጣል፤ በዓይን የማይታየውን ቅርብ ታሕተ ቀይ ብርሃን ግን በብዛት ይመልሳል። ሳተላይቱ የሁለቱን ልዩነት መዝኖ አረንጓዴ ሽፋን መኖሩን ይናገራል። የኅብረቱ የምርምር ማዕከል ያዘጋጀው የ2020 የደን ካርታ አንዷ ነጥብ በምድር ላይ 10 ሜትር በ10 ሜትር ትሸፍናለች።

በደንቡ ትርጉም ደን ማለት ከግማሽ ሄክታር በላይ የሚሸፍን፣ ዛፎቹ ከ5 ሜትር በላይ የሚረዝሙ፣ የጥላ ሽፋኑ ከአሥር በመቶ የሚበልጥና በዋናነት ለግብርና የማይውል መሬት ነው። በዛፍ ጥላ ሥር ሰብል የሚመረትበት ማሳ በዚህ ትርጉም ደን አይደለም። የሕጉ ሐሳብ እስከዚህ ድረስ ለእኛ ገበሬ የሚስማማ ነው። ችግሩ «ለግብርና የሚውል» የሚለው የመሬት አጠቃቀም እንጂ የመሬት ቀለም አለመሆኑ ነው። ከላይ ሲታይ የሳተላይቱ መሣሪያ የሚያገኘው የሰሳውን፣ የብሳናውንና የዋንዛውን ቅጠል ነው፤ ከሥሩ ያለው ቡና ከጥላው በታች ተሰውሯል። ስለዚህ የጫካና የከፊል ጫካ ቡናችን፣ አንዳንዴም የጓሮው ቡና፣ በካርታ ላይ ደን ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ገበሬው በግብርና ባለሙያ ምክር ያረጀ ቡናውን ቢጎነድል ወይም የበዛውን ጥላ ቢያሳሳ ደግሞ ከሰማይ የሚታየው «ደን ነበረ፤ ተመነጠረ» የሚል ለውጥ ሊመስል ይችላል።

የኅብረቱ ኮሚሽን ካርታው አስገዳጅ እንዳልሆነ፣ ለመረጃ ብቻ እንደሚያገለግል ገልጿል። ነገር ግን ቅጣት የሚፈራ ገዢ በእጁ ያገኘውን ካርታ እንደ መጀመሪያ ወንፊት ቢጠቀምበት ሊያስደንቀን አይገባም።

ትንሽ ስሕተት ሲባዛ

«ካርታው ከመቶ አንድ ጊዜ ቢሳሳት ምን ይጎዳል?» ይባል ይሆናል። እስቲ እናስላው። አንድ የተለመደ ኮንቴይነር 320 ጆንያ፣ ማለትም 19.2 ቶን ቡና ይይዛል። ግማሽ ሄክታር ያለው ገበሬ ሦስት ኩንታል ንጹሕ ቡና ያቀርባል ብንል፣ ኮንቴይነሩን ለመሙላት 64 ገበሬዎች ያስፈልጋሉ። የእያንዳንዱ ማሳ በስሕተት «ተመንጥሯል» የመባል ዕድሉ አንድ በመቶ ነው፤ የአንዱም ስሕተት ከሌላው ጋር አይያያዝም ብለን እንነሣ። 64ቱም ያለ ሐሰተኛ ጥርጣሬ የሚያልፉበት ዕድል 0.99 በራሱ 64 ጊዜ ተባዝቶ የሚገኘው ነው፤ ይህም 0.53 ያህል ነው። እንግዲህ አንድም ዛፍ ሳይቆረጥ ከሁለት ኮንቴይነር አንዱ ሊጠረጠር ምንም አልቀረው። ይህንኑ ኮንቴይነር አንድ ትልቅ እርሻ ብቻውን ቢሞላው ግን የመጠርጠር ዕድሉ አንድ በመቶ ብቻ ነው።

ቡናው ከተቀላቀለ በኋላ የተጠረጠረውን መለየት አይቻልም። ሁለት ጋዞች አንድ ጊዜ ከተዋሐዱ በራሳቸው ተመልሰው እንደማይለያዩ ሁሉ፣ በማጠቢያ ጣቢያው ወይም በመጋዘኑ የተደባለቀ ፍሬም መነሻውን አይናገርም። የኢትዮጵያ ምርት ገበያ እ.ኤ.አ. በ2008 ከተቋቋመ በኋላ ቡናን በአካባቢና በደረጃ እያሰባሰበ መሸጡ ዋጋን ግልጽ አድርጎ ነበር፤ ነገር ግን የእያንዳንዱ ቡና ማንነት ይጠፋ ስለነበር እ.ኤ.አ. በ2017 መነሻውን ለመከታተል የሚያስችል ማሻሻያ ተደረገ። አዲሱ ደንብ ደግሞ ዱካው እስከ ማሳው ድረስ እንዲደርስ ይጠይቃል።

ላኪው ይህን ስሌት በወረቀት ባያሰላውም በልምዱ ያውቀዋል። ከ64 ጓሮ ከመሰብሰብ ከአንድ ሰፊ እርሻ መግዛት ይቀለዋል። አነስተኛውን ገበሬ የሚጠላ ማንም ሳይኖር፣ ደኑንም የነካ ሳይኖር፣ ገበሬው ከገበያው ቀስ በቀስ ሊገፋ ይችላል። አብዛኛው የአገራችን ቡና የሚመረተው በአነስተኛ ገበሬዎች በመሆኑ ነገሩ የሚሊዮኖች ኑሮ ነው።

ምን ይደረግ?

ይህን ስንል ደን መጠበቅ የለበትም ማለታችን አይደለም። የካፋ፣ የያዩና የሸካ ደኖች በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ስፍራነት የተመዘገቡት ያለ ምክንያት አይደለም፤ የአረቢካ ቡና የዘር ሀብት ያለው እዚያ ነው። ደኑ ቢጠፋ ቀድሞ የሚጎዳው ይኸው ገበሬ ነው። የምንለው ስሕተቱ በታወቀ ልክ ይመዝገብ፣ ዕዳውም ይከፋፈል ነው።

በመጀመሪያ፣ የማሳው ነጥብ ሲወሰድ መዝጋቢው ከማሳው መካከል፣ በተቻለ መጠን ሰማዩ ከሚታይበት ቦታ ቆሞ ለጥቂት ደቂቃዎች ተደጋጋሚ ንባብ ይውሰድ፤ አማካዩንም ከስሕተት ወሰኑ ጋር ይጻፍ። በገበሬው ደጃፍ ቆሞ አንድ ጊዜ ተጭኖ መሄድ ልኬት አይባልም። ሁለተኛ፣ በካርታ የተጠረጠረ ማሳ ሰው በእግሩ ሄዶ ሳያየው አይከልከል። ጥርጣሬ የምርመራ መጀመሪያ ነው፤ የጉብኝቱም ወጪ ማረጋገጫውን በሚፈልገው ገዢ ላይ መውደቁ ተገቢ ነው። ሦስተኛ፣ አንድ ማሳ አንድ ጊዜ በደንብ ተለክቶ ለሁሉም ሥርዓት ያገልግል። የመዝገቡም ቅጂ ገበሬው በሚያነበው ቋንቋ ታትሞ በእጁ ይግባ፤ ገዢ ሲለውጥ ይዞት ይሂድ፤ ስሕተት ሲያገኝበትም ይከራከርበት።

አራተኛው ጉዳይ የእኛው የዩኒቨርሲቲዎቹ ነው። በቡና አብቃይ አካባቢዎች ያሉ የሳይንስ ፋኩልቲዎች ተማሪዎቻቸውን በጥላ ዛፍ ሥር የስልክ ጂ.ፒ.ኤስ. ስሕተት ምን ያህል እንደሚደርስ፣ ካርታዎቹም የጥላ ቡናን ስንት ጊዜ ደን እንደሚሉ ሊያስለኩ ይችላሉ። ሥራው ውድ መሣሪያ አይጠይቅም፤ ጥቂት ስልኮች፣ አንድ የታወቀ መነሻ ነጥብ፣ ሜትርና ትዕግሥት ይበቁታል። ውጤቱ ታትሞ ሲወጣ የማኅበሩ ሊቀ መንበር ከገዢው ፊት ሲቀርብ «ቁጥራችሁ በዚህ ጥላ ሥር ይህን ያህል ሜትር ይሳሳታል» ብሎ የሚያሳየው ወረቀት ይኖረዋል።