የኮንትራት አይሮፕላን ሰዓቱ ለምን ይለዋወጣል?

የመስመር አውቶቡስ ቀኑና መንገዱ የታወቀ ነው። ለሠርግ ወይም ለንግሥ በዓል በኮንትራት የተያዘው ግን የሚሄደው የተከራየው ሰው ባለው ሰዓት ነው። በአይሮፕላንም እንዲሁ ነው።

መደበኛ በረራ የሚባለው አየር መንገዱ ራሱ ቀንና ሰዓት ቆርጦ፣ አስቀድሞም አሳውቆ ለማንም ሰው ቲኬት የሚሸጥበት ነው። ብዙ መንገደኛ ከአንዱ አይሮፕላን ወርዶ በሌላው ስለሚቀጥል፣ የአንዱ ሰዓት ከተዛባ የሌላውም ይበላሻል። ስለዚህ ሰዓቱ በቀላሉ አይነካም።

ቻርተር ወይም የኮንትራት በረራ ግን አስጎብኚ ድርጅት አይሮፕላኑን ተከራይቶ፣ ጉዞውንና ማረፊያውን ባንድ ዋጋ የሚሸጥበት ነው። ቭላዲሚር ራይትስ የተባለ ሰው እ.ኤ.አ. በ1950 ከእንግሊዝ አገር ወደ ኮርሲካ ደሴት መንገደኞችን በዚህ ዓይነት ወሰደ። ከዚያ ወዲህ ዓመቱን ሙሉ ሲደክም የከረመ የአውሮፓ ሠራተኛ በፈቃዱ ጊዜ ወደ ባሕር ጠረፍ ሄዶ ማረፍ ቻለ።

ሰዓቱ የሚለዋወጠው በሦስት ምክንያት ነው።

አንደኛ፣ ጉዞው የሚሸጠው ከብዙ ወራት በፊት ነው። ሥራ በሚበዛባቸው የአይሮፕላን ማረፊያዎች ግን መነሻና ማረፊያ ሰዓት በተራ ይታደላል። እ.ኤ.አ. በ1993 በወጣው የአውሮፓ ደንብ መሠረት ከተሰጠው ተራ 80 በመቶውን የተጠቀመ አየር መንገድ በሚመጣው ዓመት ያንኑ ተራ ያገኛል። መንገዱን የሚለዋውጠው ብዙ ጊዜ የተረፈውን ይወስዳል።

ሁለተኛ፣ ትርፍ የሚገኘው ወንበሩ ሲሞላ ነው። ሁለት በረራ ግማሽ ግማሹ ባዶ ከቀረ ድርጅቱ ባንድ ያጠቃልላቸዋል። በጠዋት እሄዳለሁ ያለው ሰው በሌሊት ሂድ ይባላል።

ሦስተኛ፣ አንዱ አይሮፕላን ቀንና ሌሊት ይመላለሳል። ጠዋት ከዘገየ ማታ የሚሳፈረውም ይዘገያል።

ጉዳቱ ቀላል አይደለም። ልጆች ይዞ የሚጓዝ ቤተሰብ በእኩለ ሌሊት ይንገላታል፤ የባቡር ቲኬት አስቀድሞ የገዛም ገንዘቡን ሊያጣ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2004 የወጣው የአውሮፓ ኅብረት የካሣ ደንብ ለቻርተርም ይሠራል። ይሁንና በረራው መሰረዙ ከ14 ቀን በፊት ከተነገረ ካሣ የለም።

እንግዲህ ዋጋው ከረከሰበት ምክንያት አንዱ ሰዓቱን የመወሰን ሥልጣን ለድርጅቱ መተዉ ነው። ‹‹ሰዓቱ ሊለወጥ ይችላል›› የሚለው ቃል ብዙ ጊዜ በደቃቅ ፊደል ይጻፋል። ማንበብ የቻለ ሰው ግን ገንዘቡን ሳይከፍል ያየዋል፤ ከመነሳቱ በፊትም ሰዓቱን ደግሞ ይጠይቃል።

ጥያቄ
1. መደበኛ በረራና የኮንትራት በረራ በምን ይለያሉ?
2. መኪና በኮንትራት ስንይዝ በውሉ ላይ ምን ምን መጻፍ አለበት? ተወያዩበት።