ቤት፣ ውሃ፣ ሥራ፦ የአዲስ አበባ ዕጩዎች ከ1997 እስከ 2013

አዲስ አበባ ውስጥ ለከንቲባነት የሚወዳደር ሰው የለም። ነዋሪው የሚመርጠው 138 መቀመጫ ያለውን የከተማ ምክር ቤት ነው፤ ከንቲባውን የሚሰይመው ምክር ቤቱ ነው። «ይህ ዕጩ ለሰፈሬ ምን አስቧል?» ብሎ የሚጠይቅ መራጭም በአብዛኛው የሚደርሰው የፓርቲው መልስ ነው። ይህ ባለፉት ምርጫዎች ሁሉ ያልተለወጠ ነገር ነው። የተለወጠው ፓርቲዎቹ ከፊት ያስቀደሙት ጉዳይ ነው።

በ1997 ዓ.ም. ገዥው ፓርቲ ኢሕአዴግ ይዞ የቀረበው ሥራ ነበር። አርከበ ዕቁባይ ከተማዋን ሲመሩ የኮንዶሚኒየም ግንባታው ተጀምሯል፣ መንገዱም ታይቷል። ተቃዋሚው ቅንጅት ግን ክርክሩን ወደ መሬት ፖሊሲ፣ ወደ ፍትሕና ወደ ሥልጣን ሽግግር ወሰደው፤ ከተማውም አብሮት ሄደ። ከ138 መቀመጫ 137ቱን ቅንጅት አገኘ። ግንባታ ብቻውን ድምፅ እንደማይገዛ ከዚያ ወዲህ እንዲህ በግልጽ አልታየም። ፓርቲው ለከንቲባነት ያጫቸው ዶክተር ብርሃኑ ነጋ ግን ወንበሩ ላይ ሳይቀመጡ ታሰሩ። ከተማዋንም አቶ ብርሃነ ደሬሳ የመሩት ባለአደራ አስተዳደር ተረከባት። ቅንጅት ቢያስተዳድር ኖሮ የቀበሌ ቤቱን ምን ያደርገው ነበር? በተግባር አልተፈተነም።

ገዥው ፓርቲ ከሽንፈቱ ተምሯል። በ2000 ዓ.ም. ቅድሚያው የወጣቱ ሥራ ሆነ፦ ጥቃቅንና አነስተኛ ተቋማት፣ ብድርና ቁጠባ። የቀበሌ ምክር ቤት አባላት ቁጥርም እስከ 300 ከፍ አለ፤ በአገር አቀፍ ደረጃ የሚመረጠው ሰው ከሦስት ሚሊዮን በላይ ደረሰ። ይህ በወረቀት ላይ ለሕዝብ የቀረበ አስተዳደር ይመስላል። በተግባር ግን ተቃዋሚዎች ያን ሁሉ ዕጩ ማቅረብ አልቻሉም፤ የቀበሌው ወንበር ከሞላ ጎደል በሙሉ ለገዥው ፓርቲና ለአጋሮቹ ሆነ። በ2005ቱ ምርጫ 33 ፓርቲዎች ጭራሽ አልተወዳደሩም። ክርክር በሌለበት የሚወራው ስለ ቁጥር ነው፦ ስንት ቤት፣ ስንት ኪሎ ሜትር መንገድ፣ ስንት ማኅበር። ምርጫው ካለፈ በኋላ በዚያው ክረምት የ20/80 እና የ40/60 የኮንዶሚኒየም ቤቶች ምዝገባ ሲከፈት በየባንኩ ደጃፍ የታየው ሰልፍ የከተማዋን እውነተኛ ጥያቄ ከማኒፌስቶዎቹ ይልቅ አሳየ።

ቤቱና የሚሠራበት መሬት በኋላ የፖለቲካ እሳት ሆኑ። በ2006 የአዲስ አበባ ማስተር ፕላን ጉዳይ ኦሮሚያ ውስጥ ተቃውሞ አስነሣ። በ2011 ከ51 ሺህ በላይ ኮንዶሚኒየም ዕጣ ሲወጣ ቤቶች የተሠሩባት ኮዬ ፈጬ የማን ናት የሚለው ክርክር ጦፈ። በ2014 ደግሞ የወጣ ዕጣ በማጭበርበር ምክንያት ተሰረዘ፤ ያ ሁሉ ዓመት የቆጠበ ሰው እንደገና ዕጣ ጠብቅ ተባለ።

በ2010 መካሄድ የነበረበት የአካባቢና የከተማ ምርጫ ተራዝሞ ሰኔ 14 ቀን 2013 ዓ.ም. ላይ ለከተማው ምክር ቤት ድምፅ ሲሰጥ ቅድሚያው ለሁለት ተከፍሎ ነበር። ኢሕአዴግን የተካው ገዥው ፓርቲ ብልፅግና የተማሪዎች ምገባን፣ ሸገር ዳቦንና ፓርኮቹን አሳየ። ተቃዋሚው ባልደራስ፣ መሪው እስክንድር ነጋ እስር ቤት ሆነው በዕጩነት ቀርበው፣ የአዲስ አበባን ራስ ገዝነት ከሁሉ አስቀደመ። ሁለቱም የየራሳቸው ምክንያት ነበራቸው። በፈረቃ የሚመጣው ውሃ ግን በሁለቱ መካከል ወድቆ ቀረ፤ «የከተማዋ ባለቤት ማነው?» የሚለው ጥያቄ ሲጮህ የቧንቧው ጥያቄ መሰማቱ ያዳግታል። ብልፅግና አሸነፈ፣ መስከረም 2014 ላይም አዳነች አቤቤ ከንቲባ ሆነው ቃለ መሐላ ፈጸሙ።

የ2013ቱ የድምፅ ወረቀት ግን ወረዳን አልጨመረም። የቀበሌና የወረዳ ምክር ቤቶች ለመጨረሻ ጊዜ የተመረጡት በ2005 ነው። የመታወቂያው፣ የቀበሌ ቤቱ ዕድሳት፣ ክረምት ሳይገባ መጠረግ ያለበት ቦይ ጉዳይ ያለው እዚያ ነው። በከተማ ደረጃ የሚወዳደር ፓርቲ ስለ ባቡርና ስለ ኮሪደር ልማት ይናገር፤ ሥራው ነው። በየትኛው ቀን ውሃ እንደሚለቀቅ በወረዳው በር ላይ ለመለጠፍ ቃል የሚገባ፣ ካልለጠፈም በሚቀጥለው ምርጫ የሚጠየቅ ዕጩ የሚገኘው ግን የወረዳ ምርጫ ሲጠራ ነው።